የፊታውራሪው ቤት የውሸት መስኮት

ቀረብ በሉ እስቲ፤ በሩንም መለስ አድርጉት። ዱሮ ነው፤ ግን ልክ እንደዛሬው ጨረቃ የሌለበት ሌሊት። በገደል አፋፍ፣ ሰው በማይታይበት ቀጭን መንገድ፣ አንድ ሰው ብቻውን ይመጣል። ይርዳው ይባላል፤ ግንበኛ ነው። ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ ሚስቱ ወደ አስካለ ነዋ! አንድ ወር ሙሉ አላያትም።

ከገደሉ ማዶ አስካለ የምታገለግልበት የፊታውራሪው ቤት አለ። ያ ቤት ጉድ ነው! ፊታውራሪ በወጣትነታቸው እንግሊዝ አገር ሄደው፣ ገጠር ውስጥ የአንድ ባላባት ቤት አይተው፣ «እንደዚያ ያለ ካልሠራችሁልኝ» ብለው ድርቅ አሉ። ባለ ፎቅ፣ መሀል ላይ ሰፊ በር፣ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት መስኮት። በግራ በኩል ግን የደረጃው ግድግዳ ነው፤ ሊከፈት አይችልም። ታዲያ ይርዳው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የውሸት መስኮት ሠራላቸው። ከውጭ ሲያዩት ደፍ አለው፣ መዝጊያ አለው፤ ከኋላው ግን ድፍን ድንጋይ። ፊታውራሪ በደስታ ሊሞቱ!

ጨለማ ሲሆን የቤቱ ጠባቂ ሻረው በቀኙ መስኮት ፋኖስ ያኖራል። መንገደኛ ወደ ብርሃኑ ቀጥ ካለ የገደሉን ድልድይ ያገኛል። ትንሽ ወደ ግራ ካለ ግን ገደል ነው። ሻረው ደግሞ ለይርዳው ማን መሰላችሁ? አንደኛ ሚዜው! ሚዜ ለሙሽራዋ ወንድም አይደል?

ይርዳው ብርሃኑን አየ። «ተባረክ፣ ሻረው» አለ። ቀጥ ብሎ ሄደ። ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ... እግሩ መሬት አጣ።

ገደል ገባ። ሞተ። እሱ ግን መሞቱን አላወቀም! ተነሣ፣ ልብሱን አራገፈ፣ መንገዱን ቀጠለ። የቤቱ ውሻ አየውና ሳይጮህ ጅራቱን ሸጉጦ ሸሸ። «ምን ነካው ይሄ?» አለ ይርዳው። ጠጠር ረገጠ፤ ጠጠሩ ድምፅ አልሰጠም። ብርሃኑ ሥር ደረሰ፤ ጥላ የለውም።

ቀና ሲል ፋኖሱ የተሰቀለው በግራው መስኮት ነው። ከውጭ በኩል፣ በሚስማር። እሱ ራሱ ድንጋይ በሞላው መስኮት! «ተሳስቶ ይሆናል» አለ። አያችሁ የዋህነቱን? ሞቶም ለወዳጁ ይከራከራል!

ያን ጊዜ ከግድግዳው ኋላ የሴት ድምፅ ሰማ።

«በደንብ ሰቅለኸዋል?»

የአስካለ ድምፅ ነው።

«አታስቢ እቴ» አላት ሻረው። «እስካሁን አልቆለታል።»

ሞት ያላመመው ሰውዬ ያኔ አመመው። ሊደገፍ እጁን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ። እጁ ገባ። ክንዱ ገባ። ትከሻው ገባ።

አስካለ ደረጃው ላይ እንዳለች ብርድ ወረራት።

«ማነው?» አለች።

ከጀርባዋ፣ እንደ ወትሮው በለዘበ ድምፅ፣

«እኔ ነኝ፣ አስካለ። አመሸሁባችሁ?»

በሉ ተነሡ፣ መሽቷል። ማነው ከእናንተ መሀል ብቻውን የሚሄደው?