ጥቁሩ ወይስ ግራጫው

የሌዎንሃርድ ግሽትራይን አስከሬን ከገደሉ በገመድ ተጎትቶ ሲወጣ ጣቶቹ አሁንም መሪ እንደ ጨበጡ ነበሩ። ብርዱ እንደዚያው አድርቋቸዋል። ኢንስፔክተር አፍራ ቱርነር ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ መለሰችና ቁልቁል ተመለከተች። ቅንጡው ጥቁር የመስክ መኪና ከገደሉ ሥር በጣሪያው ተገልብጦ፣ ጎማዎቹን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ተኝቷል።

«ፍጥነት ነው» አለ የመንደሩ ፖሊስ ጌብሃርድ። «ስድስት መቶ የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና! ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እንቢ ሲለው ቀጥ ብሎ ገባ። በረዶው ደግሞ ወዲያው ጥሎ ዱካውን ደፈነው።»

«ዱካው ከተደፈነ ቀጥ ብሎ መግባቱን በምን አወቅክ?»

ጌብሃርድ ወደ ገመዱ ዞሮ ቋጠሮውን ያጠብቅ ጀመር።

አፍራ ገመዱን ወገቧ ላይ አሥራ ወረደች። ሽበቷ የበዛ፣ በኦስትሪያ በቲሮል ተራሮች መካከል ተወልዳ ክረምቱን ሁሉ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ያሳለፈች ሴት ናት። ጓንቷን አውልቃ የፊት ጎማዎቹን ዳሰሰች። ለስለስ ያሉ፣ ፊታቸው በብዙ ቀጫጭን ስንጥቆች የተከታተፈ ነው። ወደ ኋላዎቹ ዞረች። እነዚያ ስንጥቅ የላቸውም፤ እንደ ቀንድ ደርቀዋል። ከፊት በረዶ የሚይዝ የክረምት ጎማ፣ ከኋላ በብርድ የሚደርቅ የበጋ። ጓንቷን መልሳ አጠለቀች፤ ያየችውን ለማንም ሳትናገር ወደ ላይ ወጣች።

ሟቹ ከወንድሙ ጋር በሸለቆው ራስ ላይ ትልቅ ሆቴል ነበረው። አፍራ እዚያ ስትደርስ ሦስት ሰዎች ጠበቋት። አንዱ ዲትማር ፕሎነር የተባለ የመኪና ሻጭ ነው፤ ለሟቹ ሞክሮ እንዲመርጥ ሁለት መኪና ከኢንስብሩክ ይዞለት የመጣ።

«አሠቃየኝ እኮ!» አለ ፕሎነር ላቡን እየጠረገ። «ጠዋት ‹ጥቁሩ› ይላል፣ ማታ ‹ግራጫው›። ጥቁሩ ዝቅ ያለና ፈጣን ነው፤ ስትረግጪው ከወንበሩ ጋር ያጣብቅሻል… ይቅርታ፣ ያጣብቅዎታል። ግራጫው ጉልበቱ ያንሳል፤ ግን ቁመቱ ረጅም ስለሆነ በረዶ ቢከመር ሆዱን አይነካውም። ትናንት ራት ላይ ‹ለልብ ጥቁሩ፣ ለክረምት ግራጫው› ብሎ ቆረጠ። ዛሬም በግራጫው እንደሚወርድ ሁላችንም ሰምተናል።»

«ጥቁሩ ሲመጣ የክረምት ጎማ ነበረው?»

«አራቱም! ትናንት ከሰዓት በዚያችው መታጠፊያ አብሬው ወርጄ ወጥቻለሁ፤ መንገዱን እንደ ድመት ቧጦ ነው የያዘው። የበጋዎቹ ጎማዎች እዚሁ ጋራዥ ውስጥ በከረጢት ተቀምጠዋል። ቸርኬያቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ከሩቅ ለይቶ የሚያውቃቸው የለም።»

ሁለተኛው የሟቹ ታናሽ ወንድም ሩፐርት ነበር፤ የበረዶ ሸርተቴ ተጫዋቾችን ወደ ተራራው የሚያወጣውን የገመድ ሊፍት የሚያስተዳድር። መስኮቱ ዘንድ ቆሞ፣ ጀርባውን ሳያዞር ተናገረ።

«ገደሉን ሄጄ ለማየት አንጀቴ አልቻለም። ያ መታጠፊያ ምሕረት የለውም። ኋላው አንዴ ከከዳሽ መሪውን ጠመዘዝሽ አልጠመዘዝሽ አንድ ነው።»

«በግራጫው ሊወርድ አልነበረም?»

«ልጅቱ ይዛበት ሄደች።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሷን አልወቅስም፤ ልጅ ናት። ግን እሷ ባትወስድበት ኖሮ ወንድሜ ዛሬ በሕይወት ነበር።»

ልጅቱ የተባለችው የሟቹ ልጅ ኖትቡርጋ፣ የመንደሩ ሐኪም ናት። አፍራ ኩሽና ውስጥ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ተቀምጣ አገኘቻት።

«ታች መንደር ልትወልድ የደረሰች ሴት ነበረች፤ ማለዳ እንደምወርድላት ትናንት ራት ላይ ለሁሉም ነግሬ ነበር» አለች፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል። «የራሴ መኪና ሞተብኝ። ቁልፉን ባዞረው፣ ባዞረው፣ መብራት እንኳ አልበራም። ግራጫውን ይዤ በረርኩ። ሕፃኑን ተቀብዬ እጄን ስታጠብ ነው ስልኩ የተደወለልኝ።»

«አባትሽ በዚህ በረዶ ወዴት ነበር የሚሄደው?»

ኖትቡርጋ ወደ በሩ አየች። «ዐቃቤ ሕግ ዘንድ። አምና የላይኛው የሸርተቴ ቁልቁለት ላይ የበረዶ ናዳ ወርዶ ሁለት ወጣት የሸርተቴ አሠልጣኞች ቀብሯል። አስከሬናቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ‹የተፈጥሮ አደጋ› ተብሎ ተዘጋ። ለካ አደጋው እንዳለ ተነግሮ ሳለ ‹ክፈቱት› ብሎ ያዘዘ ሰው ነበረ። አባቴ ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ፣ ትናንት ራት ላይ ‹ነገ ወርጄ የማውቀውን እናገራለሁ› አለን። ስሙን ግን አልጠራም።»

አፍራ ከዚያ ወጥታ ወደ ጋራዡ ሄደች። ከአራቱ ከረጢቶች ሁለቱ የበጋ ጎማ ይዘዋል። የተቀሩት ሁለቱ ውስጥ የክረምት ጎማዎች ነበሩ፤ ስንጥቆቻቸው መካከል የመንገድ ጠጠር ተሰክቶ ገና አልደረቀም። ቀጥሎ የኖትቡርጋን መኪና ክዳን ከፈተች። ጎንበስ ብላ ጥቂት አየችና፣ እንደነበረ ትታ መልሳ ዘጋችው።

ቀትር ላይ ሦስቱንም ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የዳቦ ድብልብል ያለበት ሾርባ ቀርቦ ነበር፤ ማንም ማንኪያ አላነሳም። ጌብሃርድ በሩን ዘግቶ ቆመ።

«ሌዎንሃርድን የገደለው ፍጥነት አይደለም» ብላ ጀመረች። «ከጥቁሩ መኪና የኋላ ሁለት ጎማዎች ወልቀው የበጋ ተገጥመዋል።»

ፕሎነር ተነሣ። «እኔ አይደለሁም!»

«ይቀመጡ። ገዳዩ አራቱንም ቢቀይር መኪናው ገና ከግቢው ሳይወጣ ይንሸራተትና ሌዎንሃርድ ያውቅበት ነበር። ፊቱ ግን የክረምት ነው። መኪናው በአራቱም ጎማ ስለሚነዳ ሲነሣ ይጎትታል፣ መሪው ይታዘዛል፣ ነጂው ልቡን ይጥልበታል። ቁልቁለቱ ላይ ሲታጠፍ ፊቱ በረዶውን ይነክሳል፤ የኋላው የበጋ ጎማ ግን በብርድ ድንጋይ ሆኗልና ይፈናጠራል። መኪናው ይዞራል፤ ከዚያ ገደል ነው።»

«ሻጩ ቀላቅሎ አምጥቶት ቢሆንስ?» አለ ሩፐርት።

«ትናንት ከሰዓት በዚያው መንገድ ደህና ወርዶ ወጥቷል። ከረጢት ውስጥ ያገኘኋቸው የክረምት ጎማዎችም እርጥብ ጠጠር ነክሰዋል። ጎማው የተቀየረው እዚሁ፣ ከራት በኋላ ነው። ግን ከራት በኋላ ሁላችሁም ሌዎንሃርድ በግራጫው እንደሚወርድ ታውቃላችሁ። እንግዲህ ጥቁሩን ያጠመደ ሰው ግራጫውን ከፊቱ ማስወገድ ነበረበት።»

ኖትቡርጋ አመድ መሰለች። «የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

«ባትሪሽ በብርድ አልሞተም፣ ዶክተር። ብርድ የመታው ባትሪ ቢያንስ ያቃስታል፤ ያንቺ ትንፍሽ አላለም። ገመዱን ነቅለውታል፤ ብሎኑ ላይ የመፍቻ ጭረት አለ። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ግራጫውን ውሰጂ ያለሽ ማነው?»

ኖትቡርጋ ቀስ ብላ አንገቷን አዞረች።

«አጎቴ» አለች። «‹ባትሪሽ ሞቷል፣ ሂጂ፣ ለአባትሽ እኔ እነግረዋለሁ› አልከኝ።»

«ልርዳት ብዬ ነው!» ሩፐርት ጠረጴዛውን መታ። «የታመመች ሴት እየጠበቀቻት፣ ተቀመጪ ልበላት?»

«ይህን ብቻ ቢሆን ኖሮ አምንዎት ነበር» አለች አፍራ። «ግን ጠዋት ‹ኋላው ከከዳሽ› አሉኝ። ዱካው በበረዶ ተደፍኗል። ፖሊሱ እንኳ ቀጥ ብሎ የገባ መስሎታል። የጎማዎቹን ነገር እኔ ለማንም አልተነፈስኩም፤ እርስዎ ደግሞ ገደሉን ሄደው አላዩም። አስቀድሞ ኋላው እንደ ከዳው የሚያውቀው፣ እንዲከዳው ያደረገው ሰው ነው። ሊፍቱን የሚያዝዙት እርስዎ ነዎትና ያን የሸርተቴ ቁልቁለት አምና ያስከፈቱትም እርስዎ ነዎት፤ ወንድምዎ ሊጠራ የወረደው የእርስዎን ስም ነው።»

ሩፐርት ወንበሩ ላይ ተንሸራቶ ተቀመጠ፤ በአንድ ጊዜ ያረጀ መሰለ።

«ለሁለት ሙታን ብሎ» አለ ድምፁ እየተሰበረ፣ «ቁሞ የሚሄድ ወንድሙን ሊቀብር!»

«አሁን ሦስት ሆኑ» አለች አፍራ።

ጌብሃርድ ካቴና አውጥቶ ቀረበ። ሩፐርት በኖትቡርጋ አጠገብ ሲያልፍ አንድ ነገር ሊላት አፉን ከፈተ። እሷ ፊቷን አላዞረችበትም፤ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ትክ ብላ አየችው።

«የግራጫውን ቁልፍ ያነሣሁት በእነዚህ እጆቼ ነው» አለች በኋላ።

«አውቃለሁ» አለች አፍራ። «ወዴት ላድርስሽ?»

ኖትቡርጋ ነገረቻት። በአፍራ አሮጌ መኪና ቀስ ብለው ወረዱ። ታች መንደር የዳቦ ቤቱ በር ላይ ኖትቡርጋ ብቻዋን ወርዳ አንኳኳች። አምና ልጇን በናዳው ያጣችው ጋጋሪ በዱቄት እጇ ከፈተች።

«ዶክተር! ማን ታሞ ነው?»

«ማንም አልታመመም» አለች ኖትቡርጋ ባርኔጣዋን አውልቃ። «ስለ ልጅዎ ልነግርዎ ነው የመጣሁት።»