የናፍዕ ገመድ

በ፲፰፻፸፯ ዓመተ ምሕረት የጥር ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የጀልባ አለቃው የናኹዳ ጅምዕ ጀልባ ከኖራ ደሴት በስተ ምዕራብ፣ የዕንቍ ዛጎል በሚለቀምበት ውሃ ላይ መልሕቋን ጥላ ቆማለች፤ ምጽዋ ገና የግብጽ ሰንደቅ ይውለበለብባት የነበረበት ዘመን ነው።

የጠላቂውን የናፍዕን ገመድ የያዘው የሚስቱ ወንድም ሸኒቲ ነበር። ገመድ ያዥ ዓይኑን ከውሃው አይነቅልም፤ ጅራታቸው እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሦች ከአሸዋው ተነሥተው በመንጋ ሲሸሹ ካየ ሻርክ እየመጣ ነውና፣ ሳይጠራ መጎተት አለበት። ጠላቂውም አደጋ ሲያይ ገመዱን ሦስት ጊዜ ይስባል።

«ሸኒቲ፣ እንዳታንቀላፋብኝ» አለ ናፍዕ ሊወርድ ሲል፤ «እኅትህ የምትጠይቀው አንተን ነው።»

«ውረድ ወዲያ፤ ከዛጎል ይልቅ ወሬ ነው የምትለቅመው።»

ጥቂት ቆይቶ ከሰሜን ጢስ ታየ፤ ከጢሱም ሥር ወደ ምጽዋ የሚያመሩ የኢጣልያ የጦር መርከቦች ብቅ አሉ። የጀልባው ሰው ሁሉ ቆሞ ተመለከተ፤ ሸኒቲም ተመለከተ። ገመዱ በመዳፉ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሲሳብ ተሰምቶታል፤ «አንዴ ልያቸውና» አለ በልቡ። ዘወር ሲል ጠፍጣፋዎቹ ዓሦች ክንፋቸውን እያራገቡ በጀልባዋ ሥር ያልፉ ነበር። በሁለት እጁ ጎተተ፤ ናፍዕ ግን ጭኑን ሻርክ ቦጭቆት ነበርና ከየብስ ሳይደርሱ ሞተ።

«ገመዱን ስቦ ነበር?» አሉ ናኹዳው።

«አልሳበም፣ ናኹዳ።»

በመንደራቸው በጅምሂሌ፣ ለቅሶው ላይ ይህ ቃል ተዛመተ፤ «ለዛጎል ሲስገበገብ ቀረ» ተባለ። ሸኒቲ ሟቹ በስስት ሲታማ ሦስት ቀን ሙሉ ሰማ። ዓርብ ከሶላት በኋላ በሼኹና በጠላቂዎቹ ፊት ተነሣ።

«ናፍዕ ስቧል። ሦስት ጊዜ ስቧል። እኔ መርከብ ሳይ ነበር።»

ናኹዳ ጅምዕ አቀርቅረው፣ «ሁላችንም ስናይ ነበር» አሉ።

«ገመዱ ግን የነበረው በእኔ እጅ ነው፣ ናኹዳ።»

እኅቱ ሰዕዲያ ወሬው ቀድሞ ደርሷት ከደጃፏ ቆማ ጠበቀችው።

«ስንት ነበሩ መርከቦቹ?»

«አራት።»

«ቆጥረሃቸዋላ» አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

ከዚያ ወዲህ ሸኒቲ ገመድ አልያዘም፤ እስኪያረጅ ድረስ ዓሣ እያጠመደ ከእኅቱ ደጃፍ ያስቀምጥ ነበር፤ እርሷም ዓሣውን ትወስዳለች፤ አታናግረውም።

የመርከቦቹን መምጣት የየመንግሥታቱ ጸሐፊዎች በየቋንቋቸው መዝግበውታል፤ በዚያው ጠዋት ስለ ሞተው ጠላቂ ግን የተጻፈ አንዳች የለም። በጅምሂሌ ብቻ፣ ስሙ በተነሣ ቍጥር፣ ሽማግሎች «ናፍዕ ገመዱን ስቦ ነበር» ይላሉ፤ ሸኒቲ ለሟቹ ሊያተርፍለት የቻለው ይህችን ቃል ነበር።