ባለመንደሯ

«መንደሩን ብቻውን የገነባው ተስፎም ነው!»

ጋሽ ጸጋይ ይህን ወሬ ለሚሰማውም ለማይሰማውም ይደግሙታል። በስደት ከተማቸው፣ ፒያሳ ቪቶሪዮ አደባባይ አጠገብ ካለችው የሞባይል መጠገኛ ሱቃቸው የገባ ሁሉ ሳይሰማው አይወጣም። እስከዳር በሰማችው ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች። የገነባችው እሷ ናታ! ግን ኩሩ ናት፤ ተስፎም ራሱ ይናገር ብላ ትጠብቃለች።

መንደሩ ያለው ጌም ውስጥ ነው። ከሺህ ዓመት በፊት ባሕር አቋርጠው የመጡ ሰዎች በባዕድ ምድር ጎጆ ቀልሰው፣ ገበያ አቁመው ወግ የሚያዩበት ጌም። መጀመሪያ የተገናኙ ዕለት ስልኳን ልታሠራ ገብታ፣ ከሱቁ ጓዳ አዲስ አበባ ያደገ ኤርትራዊ ጎረምሳ ከስክሪኑ ጋር ሲታገል አየች።

«ጎተራውን ጎርፍ መውረጃ ላይ የሚሠራ ሰው ምን ይባላል?»

ዞር ብሎ ሳቀ። «ተስፎም ይባላል። አንቺስ?»

«መጀመሪያ አፍርሰው። ስሜን በኋላ እነግርሃለሁ።»

ልቧ ግን ያኔውኑ ነግሮት ነበር...

ከዚያ ወዲህ የሰው ቤት ስታጸዳ ውላ ስትመጣ ቦታውን ይለቅላታል። እሱ በጀልባ ዘምቶ እንጨትና ድንጋይ ያመጣል፤ እሷ መንገዱን፣ አንጥረኛ ቤቱን፣ ቅጥሩን ትሠራለች። ያስተማራት የለም፤ እየፈረሰባት ተማረች።

«እስኩዬ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ፔርሜሶሽ ይምጣ ብቻ፣ እውነተኛ ካዛ፣ እውነተኛ ቤት እንከራያለን።»

«አሎራ፣ እንግዲያስ አንተ ተሸከም፣ እኔ ልዘዝ!»

ጋሽ ጸጋይ መንደሩን ቲክቶክ ላይ ለቀቁት። ተመልካቹ ጎረፈ። አንድ እሑድ ሱቁ በሐበሻ ወጣት ጢም ብሎ፣ ተስፎም በቀጥታ ሥርጭት ሲጫወት አንዱ ጮኸ፦

«ብራቮ! ብቻህን ነው የገነባኸው?»

እስከዳር ከጎኑ ቆማ መልሱን ጠበቀች። ተስፎም አያት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ... ከዚያ አንገቱን ደፋ። ዝም!

ያች ዝምታ ፍቅሯን ቂም አደረገችው። አልጮኸችም። ፈገግ ብላ እጇን ዘረጋች።

«አንዴ ስጠኝ እስቲ።»

መጫወቻውን ሰጣት። በጌሙ ውስጥ ችቦ አነሣች። ጎተራው፣ ቀጥሎ ገበያው፣ ከዚያ ነፋሱ የሣር ክዳኑን ሁሉ አዳረሰው።

«እስኩ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ ተስፎም! የገዛ ቤቱን ደፍሮ የሚያቃጥል ባለቤቱ ብቻ ነው። አሁን የማን እንደሆነ ሁሉም አወቀ። በል፣ አንተ የሠራኸውን አሳየን!»

ጭሱ ስክሪኑን ሲሞላው ወጣች። በሕይወቷ እንደዚያ የጣፈጣት ነገር አልነበረም።

ተስፎም ከምትሠራበት ቤት ደጃፍ ድረስ መጣ።

«አንድ ቃል ብቻ ስሚኝ...»

«ለተመልካቾችህ ንገራቸው!»

ስልኳንም ዘጋችበት። ደጅ ጠንቶ ሲሰለቸው፣ ከቲቡርቲና መናኸሪያ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሌላ ከተማ፣ ቶሪኖ ገባ። እሷ ቂሟን ስንቅ አድርጋ፣ በገዛ ስሟ አዲስ መንደር አቆመች። ዛሬ ተከታይዋ የትየለሌ ነው። እንጨቱንም ድንጋዩንም ራሷ ታመጣለች።

በቀደም ጋሽ ጸጋይ ስልካቸውን ዘረጉላት። የተስፎም ሠርግ! ሙሽራዋ ቆንጆ ናት፤ እሱም ከልቡ ይስቃል።

«ዝም ያለ ባል ደግሞ ለትዳር ይመቻል፤ ደስ ይበላት» አለች እስከዳር። «እርስዎም ያንን ወሬዎን ተዉት፣ ጋሼ። ሰሚ የለውም።»

ጋሽ ጸጋይ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አይ ልጄ... ያን እሑድ ተስፎም ስምሽን ሊጠራ ቆርጦ ነበር። የሴት ልጅ ስም ከወንድ ጋር ተነሥቶ ሰው እንዳያማሽ ብዬ፣ ‹ስሜን እንዳታነሣ ብላሃለች› ስል የዋሸሁት እኔ ነኝ።»