ከጓዳ የተሰማ ሳቅ

«ጉንፋን ነው አልሽኝ?» አሏት አዳዳ ወርቂቱ ኬኔን፣ የጓዳውን መጋረጃ በእጃቸው ገልጠው እንደያዙ። «ስንት ልጅ ያሳደግኩ ሴትዮ፣ ሳልና ሳቅ አልለይም?»

«እውነቴን ነው እትዬ፣ ሳል ነው» አለች የኬኔ ጓደኛ እየሩስ። መዋሸት አትችልበትም፤ ስትዋሽ አንገቷ ድረስ ትቀላለች።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? ለቅሶ ልትደርሺ መጥተሽ ጭራሽ ምስክር ሆንሽ?»

ኬኔ በሁለቱ መካከል ከፍራሹ ጫፍ ተቀምጣለች። «አዳዳ» የምትላቸው ወርቂቱ አክስቷ፣ የአባቷ ታላቅ እህት ናቸው። ወንድማቸው ጋሩማ ማረፉን ሰምተው ከዲጋ ከመጡ ወዲህ የቤቱ ቁልፍም ትእዛዙም በእሳቸው እጅ ነው። ከማልቀስ ብዛት ድምፃቸው ተዘግቶ ሲቆጡ እንኳ የሚያቃስቱ ይመስላል። ከኬኔ ጀርባ እናቷ ቀለሟ ጥቁር ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ላያት ሰው የምታለቅስ ትመስላለች።

አታለቅስም ነበር።

ኬኔና እየሩስ ነፍሳቸው የምትወዳቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ የሚያስቅ የፍቅር ልብ ወለድና ከተጣለ ዕቃ የሚሠራ ጌጥ። ካለቀ ስሊፐር፣ ከተበላሸ ዚፕ፣ ከካልኩሌተር ቁልፍ የጆሮ ጉትቻ ይሠራሉ። አንዷ ስትቆርጥ ሌላዋ ታነባለች። ትምህርት ቤት ውስጥ «ቁራሌዎቹ» እያሉ ይቀልዱባቸዋል፤ እነሱም ስሙን ወደውት ያሾፉበታል። የዚያን ዕለት እየሩስ ለቅሶ ልትደርስ ስትነሳ ምን ይዛ እንደምትሄድ ጨነቃት። እናም ግማሽ ላይ የተዉትን መጽሐፍና ከቢጫ ስሊፐር የቆረጠቻቸውን ሁለት ጫጩት የሚመስሉ ጉትቻዎች በቦርሳዋ ይዛ መጣች።

«አቦ ይቺን ገጽ ብቻ ስሚ፣ ትንሽ ይቅለልሽ» ብላ በሹክሹክታ ማንበብ ስትጀምር፣ ሴቶቹ ትንሽ ትረፍ ብለው ጓዳ ያስተኟት ቀለሟ ከነጠላዋ ሥር ተናገረች። ከቀብሩ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም፤ ሰውም አላናገረችም።

«ለእኔም አንብቡልኝ» አለች። «የማያለቅስ ድምፅ ናፈቀኝ።»

ታሪኩ ምሳ ፍለጋ የማያውቀው ሰው ሠርግ ስለገባ ጎረምሳ ነው። የዘገየው ሚዜ መስሏቸው ያጠረ ሱፍ አልብሰው ወደ መድረኩ ያወጡታል። እሱም ሙሽራውን ዐይቶት ስለማያውቅ ካሜራማኑን ሙሽራው መስሎት፣ አብሮ አደጉ እንደሆነ አድርጎ ሩብ ሰዓት ሙሉ ያመሰግነዋል። ኬኔ መጽሐፉን ተቀብላ እያነበበች ሳለ እናቷ አንዷን ጫጩት አንስታ ስታገላብጥ ቆየችና፣ በቀብሩ ዕለት ጌጧ ከወለቀበት የጆሮዋ ቀዳዳ ላይ አንጠለጠለቻት። ካሜራማኑ ለሙሽራይቱ «እኔ አይደለሁም» ሲላት ቀለሟ ሳቀች። ከሆዷ የተነሳ፣ መሃል ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ሳቋ ነበር።

ይህን ሳቅ ሰምተው የመጡት አዳዳ ወርቂቱ መጋረጃውን ሳይለቁ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገቡ። «ቀለሟ፣ እስቲ ዙሪ፤ ፊትሽን ልየው።»

ኬኔ ለድንኳኑ ሰዎች ውሃ ስታቀብል የሰማችው ሁሉ ትዝ አላት። ቀለሟ ባሏን ሆዱን ሲያመው ቶሎ ሐኪም ቤት አልወሰደችውም ይላሉ። በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ስታታልለው ነው ያመለጣት ይላሉ። ቤቱ የቆመበት መሬት ላይ ደግሞ የጋሩማ ወንድሞች ድርሻ አለ። ለነሱ አንድ ምክንያት ይበቃቸዋል። «ባሏን ቀብራ የሳቀች» ከተባለች ቀለሟ ከዚህ ቤት ትወጣለች፤ ቤተ ክርስቲያን ብትሄድ፣ ገበያ ብትወጣ ወሬው ቀድሟት ይጠብቃታል።

ቀለሟ ልትነሳ ስትል ነጠላዋ ተንሸራተተ። ከጥቁሩ ጨርቅ ጠርዝ ቢጫ ነገር ብልጭ አለ።

ኬኔ ተፈናጥራ ተነሳችና በአክስቷና በፍራሹ መካከል ቆመች። «እኔ ነኝ የሳቅኩት፣ አዳዳ።»

«የአንቺ ሳቅ እንዲህ አይወፍርም» አሉ አዳዳ ወርቂቱ። ዐይናቸው ከቀለሟ አልተነሳም።

ኬኔ መጽሐፉን ከፍ አድርጋ ከፈተችው። ፊደሉ አልታያትም። ከዚያ ሳቀች። የእናቷን ሳቅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለችና የት እንደሚነሳ፣ የት ትንፋሽ እንደሚያጥረው ታውቃለች። ከሆዷ አንስታ መሃል ላይ ቆረጠችው፤ እንደገናም ቀጠለችው። በድንኳኑ የሚዘመረው መዝሙር ተቋረጠ። ውጭ የሚንኳኳው ብርጭቆ ሁሉ ጸጥ አለ። እየሩስ ጓደኛዋን እንደማታውቃት ሰው አየቻት።

የአዳዳ ወርቂቱ ፊት ቁጣ አልታየበትም። እጃቸው ከመጋረጃው ላይ ወደቀ።

«አባትሽ እኮ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ወንድሜ እኮ ነው።»

ኬኔ መጽሐፉን ዘጋችው። 

የቀረውን ሽማግሌዎቹ ጨረሱት። የአባቷ አጎት ኦቦ ዋጋሪ፣ ልጅቷ ክፉ ሆና ሳይሆን ልጓም አጥታ ነው አሉ። እናቷ ሐዘን ላይ ናትና እስክትበረታ ወርቂቱ ዲጋ ወስደው ይያዟት፤ ትምህርቷንም እዚያው ትማር። ሁሉም ተስማማ። ኬኔን የጠየቃት አልነበረም። እየሩስ ደግሞ ኮተቷን ሰብስባ ሁለተኛ እዚህ ደጃፍ እንዳትታይ ተነገራት። መጽሐፉንና አንዷን ጫጩት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሌላዋ የት እንዳለች አልጠየቀችም። በሩ ጋ ደርሳ ከጓደኛዋ አንድ ቃል ለመስማት ጠበቀች፤ ኬኔ ግን ወለሉን ስታይ ቆየች።

በማግስቱ ጠዋት ኬኔ የትምህርት ቤት ልብሷን እያጣጠፈች ሳለ እናቷ እጇን ያዘቻት። ጓዳው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

«እነግራቸዋለሁ» አለች ቀለሟ በኦሮምኛ፣ በሹክሹክታ። «አሁን ወጥቼ እነግራቸዋለሁ።»

«አትንገሪያቸው፣ ሃርሜ። እኔ ዲጋ እሄዳለሁ። አንቺ ወዴት ትሄጃለሽ?»

 እናቷ የኬኔን እጅ አልለቀቀችም። ኬኔ ጠበቀች። ይህን ብትልም፣ እናቷ ተነስታ መጋረጃውን ገልጣ እንድትወጣ የሚፈልግ አንድ ነገር ልቧ ውስጥ ነበር። ትንሽ ቆይቶ የእናቷ ጣቶች አንድ በአንድ ላሉ። ኬኔ የቀረውን ቀሚስ አጥፋ ቦርሳውን ዘጋች።

ረፋዱ ላይ ከኡኬ የመጡ ለቀስተኞች ከአስፋልቱ ጀምረው ዋይታቸውን አሰሙ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ተነሳ። ቀለሟን ሁለት ሴቶች ደግፈው አወጧት። «ጋሩማ ኮ፣ የኔ ጋሩማ» እያለች ደረቷን ስትመታ ድምፅዋ ተሰነጠቀ፤ ሴቶቹም አብረዋት አለቀሱ። ስለ እሷ ሲያወሩ የነበሩት የዲጋ ዘመዶች ሳይቀሩ ዐይናቸውን ጠረጉ። አዳዳ ወርቂቱ አስቀድመው ዲጋ ከሚወስዳቸው ባጃጅ ውስጥ ገብተው ኬኔን ይጠብቃሉ።

ኬኔ ቦርሳዋን አንግታ በድንኳኑ ገመድ ሥር ጎንበስ ብላ ወጣች። በሩ ጋ የተሰበሰቡት ሰዎች ለእንግዶቹ መንገድ ሲለቁ ለእሷም ለቀቁላት።