የአማች መርፌ

ይማርሽ ላሊበላ መንገድ ዳር ነጠላ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ፀሐዩ ፊቷን ማድያት አልብሶታል። ንጋት የምትባለው ሴት ልጇ ሠርግ ሲቃረብ፣ የውበት ሳሎን ያላት የሙሽራው እህት ፋና፣ "እትየ፣ በነፃ አድስዎታለሁ" አለቻት።

ፋና ሙያውን የተማረችው ከስልኳ ነው። "መጀመሪያ ፕላዝማ በሚሉት የኤሌክትሪክ ብዕር ብልጭታ ቆዳውን ጠቅ ጠቅ አደርገዋለሁ፤ ከዚያ ደቃቅ መርፌዎች ባሉት ጫፍ እወጋዋለሁ። ሁለቱ ሲጣመሩ ፊት እንደ አዲስ ይወለዳል።"

ወንበሩ ላይ ሌላ ሴት ነበረች። ፋና ስትጨርስላት የመርፌውን ጫፍ በሶፍት ጠረግ አድርጋ ወደ ይማርሽ ዞረች። ሶፍቱ በደም ቀልቷል። ይማርሽ አየች። ግን አማች "መርፌሽ ንጹሕ ነው ወይ?" ይባላል? ልጄን በምን ዓይን ያዩብኛል ብላ ፊቷን ሰጠች። ነጠላ ገዥ ጥለቱን ሳይገለብጥ፣ ክሩን ሳይስብ እንደማይገዛት ግን ታውቃለች።

ብዙም ሳይቆይ ፊቷ አበጠ፤ መግል ቋጠረ። ጤና ጣቢያ የሚሠራው ነርስ ሙሐዲን ቁስሉን እያጠበ ጠየቃት።

"እትየ፣ መርፌው ሲቀየር አይተዋል?"

"አልተቀየረም።"

"ታዲያ ዝም አሉ?"

"አማቼ ናት እኮ፣ ልጄ።"

"ቫይረስ ዝምድና አይቆጥርም። ቁስሉ ይድናል። የጉበት ቫይረሱና የኤችአይቪው ነገር ግን ቆይቶ ስለሚታይ በዛሬ ምርመራ አያልቅም፤ እርስዎ ለዳግም ምርመራ ይመለሳሉ።"

በሠርጉ ዕለት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ዋለች። ሰዉም "ልጇ ልትለያት ሆዷ ባባ" እያለ አዘነላት። ልጅቱ የምትሄደው ግን በባጃጅ የሚደረስ ሰፈር ነው።

በቅልቅሉ ቀን ሁለቱ ቤተሰብ ማዕድ ላይ ሳሉ ፋና የሙሽሪትን ጉንጭ ዳሰሰች። "አንቺንም ላድስሽ እንጂ! ሰኞ ነይ።"

ንጋት አንገቷን ደፍታ "እሺ" አለች። ቁርጥ እናቷን።

ይማርሽ ነጠላውን ከፊቷ አወረደች። "ፋናዬ፣ ያ መርፌ ከእኔ በኋላ ማን ላይ አረፈ?"

"ኧረ እትየ! እኔ እኮ ወድጄዎት..."

"መውደድሽን አልጠየቅሁም።"

የሙሽራው አባት አቶ አረጋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በሰው መሐል እንዲህ ያለ ነገር ይነሣል?"

"ያኔ ብናገረው ኖሮ ዛሬ ባልተነሣ ነበር።"

ፋና ቁስሉን አይታ አቀረቀረች። "ያለኝ አንድ የመርፌ ጫፍ ብቻ ነው" አለች።

ከማዕዱ ዙሪያ ሦስት ሴቶች ቀስ ብለው ጉንጫቸውን ዳሰሱ።

ወገን፣ የነጠላ ጥለት ገልብጦ ማየት ነውር ካልሆነ፣ ቆዳችንን የሚበሳውን መርፌ "አዲስ ነው ወይ? ሙያውንስ ከማን ተማርሽ?" ማለት በየት አገር ነውር ይሆናል?

ይማርሽ የምርመራ ቀጠሮዋን እየጠበቀች ነው። ሦስቱ ሴቶች አብረዋት ይሄዳሉ።