እሑድ የታጠበው ሹራብ

መንፈስ አየሁ፣ ጥላ ነካኝ የሚል ሰው ሲገጥመኝ እስከ ዛሬ እበሳጫለሁ፣ ሥራ ፈት ነው የምለው፣ እናቴ እንኳ ሕልሟን ስትነግረኝ «እማዬ፣ ማታ ብዙ በልተሽ ነው» እላት ነበር። ይቺን ግን የት ላድርጋት? እስቲ ስሙኝና ፍረዱ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ከተማ ኦርሊኮን የሚባል ሰፈር ብቻዬን እኖር ነበር። ታናሽ ወንድሜ ዳዊት አዲስ አበባ ታስሯል፣ ለምን ብትሉ የሚነግረን የለም። እናቴ በየቀኑ ስንቅ ታደርሳለች፣ በሩ ላይ ይቀበሏትና የትናንቱን ምሳ ዕቃ ይመልሱላታል፣ ፊቱን ግን አታይም። ስንቁን እስከተቀበሉ ድረስ ልጁ አለ ማለት ነው፣ ከገደሉት ደግሞ «ከእንግዲህ አታምጪ» ይሉና ልብሱን ያስታቅፏታል። ያን ጊዜ ስንቷ እናት መርዶዋን የሰማችው እንዲህ ነው።

ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው እሑድ ነው፣ ቀኑ መርዘም ጀምሮ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንኳ መስኮቱ ብርሃን ነበረው፣ እኔም መብራት ሳላበራ ሻዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ከምድር ቤት ልብስ በእጅ ሲታሽ ይሰማኛል። እዚያ አገር እሑድ ማጠብ ነውር ነው፣ በዚያ ላይ የሕንፃው ሰው ሁሉ እዚያው ታች በተራ ነው የሚያጥበው፣ ቅዳሜ ተራዬ ስለነበር የማጠቢያ ክፍሉን ቆልፌ ቁልፉ እኔው ኪስ ውስጥ ነው፣ ደግሞስ ማሽን እያለ ማን በእጁ ያሻል? የውሃ ቧንቧ ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ሳል ተጨመረበት፣ የወንድ ሳል።

ወዲያው በሬ ተንኳኳ። ከታች የምትኖረው ጎረቤቴ ናት፣ ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

«ዛሬ እሑድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እያጠብሽ ነው።»

«እኔ ከቤቴ አልወጣሁም።»

«ታዲያ ያሰጣሽው ምንድን ነው? በመስኮት አይቼዋለሁ።»

ደሜ ፈላ። እዚያ ወንድሜን አስረውብኝ፣ እዚህ ደግሞ በልብስ ልከሰስ? ላሳፍራት ብዬ ቁልፌን ይዤ አብሬያት ወረድኩ።

በሩ እንደተቆለፈ ነበር። ስከፍተው ገመዱ ላይ አንድ ሹራብ ብቻ ተሰጥቶ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። ግራጫ ነው፣ ክሩ አልቆብኝ የግራ እጅጌውን ጫፍ በቡናማ የጨረስኩት፣ ለዳዊት ሠርቼ አዲስ አበባ የላክሁለት፣ ሲይዙትም ለብሶት የነበረው ሹራብ። እመኑኝ፣ የእጄን ሥራ አላጣውም። ሴትየዋ «ይኸው» አለችኝ፣ ሹራቡን ከገመዱ አውርጄ ወደ ቤቴ ይዤው ወጣሁ።

ጄኔቭ ላለችው እህቴ ደወልኩ። «ለእማዬ እንንገራት፣ በከንቱ አትንከራተት» ስላት «ምን ብለሽ? ሹራቡ ዙሪክ ደረሰኝ ልትያት ነው?» አለችኝ። ተሰዳደብን፣ ተላቀስን፣ ዘጋሁባት።

በነጋታው እናቴን በስልክ አገኘኋት፣ መስመሩ ላይ የሚያዳምጥ ስላለ በዘዴ ነበር የምናወራው።

«ልጁ እንዴት ነው፣ እማዬ?»

«ተመስገን ነው። ድሮ ግማሹን እየተወ ይመልስብኝ ነበር፣ ሰሞኑን ግን ጥርግ አድርጎ ነው የሚበላው። ነገ ዶሮ ልሠራለት ነው።»

ደስታዋ ከድምፅዋ ይሰማል፣ ሹራቡ ደግሞ ማሞቂያው ላይ አድሮ እንኳ አልደረቀም። «ጥሩ ነው» አልኳት።

ዳዊት ሞቶ እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረን የለም፣ እናቴም «አታምጪ» ሳትባል ነው ያለፈችው። እኔን ግን አሁንም ጥርሴን የሚያስነክሰኝ አንድ ነገር ነው፣ ያን ዶሮ ማን በላው?