የምጽዋ ውሃ ቢቸና ላይ

የመምህር ገብረ ሕይወት ሬሳ ከቢቸና ትምህርት ቤት ጀርባ፣ ከገደሉ ሥር በተገኘ ማግስት ሃምሳ አለቃ ባዘዘው ከሞጣ በእህል መኪና ደረሰ። ጊዜው ግንቦት 1963 ነበር። ቢቸና መርማሪ አጥታ አይደለም፤ የቦታው መኮንን «ራሱን ገድሏል» ብሎ መዝገቡን ዘግቶ ለስብሰባ ደብረ ማርቆስ ሄዷል። የሟች እኅት ወለተ ሐና ግን ወሬው በስልክ ሞጣ ሲደርሳት ከፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ ተቀምጣ አልነሣም አለች። መኮንኖቹም ከእሷ ለመገላገል ባዘዘውን አብሯት ሰደዱት። ለሹመት ሲሆን የማይታወስ፣ ለጣጣ ሲሆን የማይረሳ ሰው ነበረ። አሥራ ስምንት ዓመት እሱ መርምሯል፤ ኮከቡን የደረደሩት ከምርመራው ግርጌ የፈረሙት አለቆቹ ናቸው።

«ራሱን ገደለ ከተባለ ፍትሐት የለውም» አለችው ወለተ ሐና መኪናው ላይ። «አባታችን ከተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ይጥሉታል። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተብሏል። እናታችን ይህን ከሰማች አትተርፍም።»

«አታልቅሺ» አላት።

«አላለቀስኩም። ለእንዲህ ያለ ሞት አይለቀስም ብለውኛል።»

ቢቸና ሲገቡ ረፋድ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ባዘዘው መጀመሪያ የሄደው ወደ ገደሉ ነው። ከአፋፉ ላይ ሁለት የተረከዝ ፍትጊያ አየ፤ አፈሩ ወደ ገደሉ ተንዷል። ጎንበስ ብሎ ሲያስተውል ቆየ። ራሱን የሚወረውር ሰው ፊቱን ወደ ገደሉ አድርጎ ይሄዳል፤ ይህ ሰው ግን የኋሊት ነው የሄደው።

ከሟች ጠረጴዛ ላይ የተገኘው ወረቀት በታይፕ የተጻፈ ነበር፦ «ምጽዋ ላይ ሦስት ዓመት የለፋሁበት ሥራ ስሕተት ሆነ። በሐምሌ ብርድና ዝናብ የሚበዙትን የባሕር ነፍሳት በሐሰት ቆጥሬአለሁ። ከዚህ ኀፍረት ሞት ይሻለኛል።» ፊርማ የለውም። የጽሕፈት መኪናው ያለበትን ቢሮ ቁልፍ የያዙት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሟቹ ከነሱ አንዱ አይደለም።

አንደኛው ዲሬክተሩ አቶ ኃይለ ሚካኤል ናቸው። ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ከረባታቸውን በፀሐይም የማይፈቱ ሰው። ገብረ ሕይወት በሞተበት ቀን ጠዋት ከሱ ጋር ሲጯጯሁ ግቢው ሁሉ ሰምቷል። በምን እንደተጣሉ ባዘዘው ሲጠይቃቸው ጥያቄውን በጥያቄ መለሱት።

«ለመሆኑ አንተ ስንተኛ ክፍል ደርሰሃል?» አሉት።

«አራተኛ፣ ጌታዬ። ለማንበብ ይበቃል።»

ሁለተኛዋ የክሊኒኩ ድሬሰር ፋንታነሽ ናት። የክሊኒኩን ደብዳቤ የምትተይበው ከዚያ ቢሮ ገብታ ነው። አሥመራ ያደገች፣ ለገብረ ሕይወት ታጭታ ሠርጉ ሁለት ጊዜ የተላለፈባት። ከተማው እሷን መጠርጠር የጀመረው ገና ሬሳው ሳይነሣ ነው። ባዘዘው ይህን ሲያነሣባት አልተቆጣችም።

«የተቀናቀነኝ ሴት መስሏቸዋል» አለችው። «የተቀናቀነኝ ጠርሙስ ነው። ከምጽዋ ያመጣውን የባሕር ውሃ በክሊኒኩ ማይክሮስኮፕ ሲያይ እኔን ይረሳኛል።»

ምን እንደሚያይ ጠየቃት። ዓይን የማያያቸው ነፍሳት፣ አለችው፤ ዓሣው ሁሉ የሚኖረው በነሱ ነው። ባሕሩ ቀዝቀዝ ሲል የታችኛው ውሃ ወደ ላይ እየተቀላቀለ ምግብ ያወጣላቸዋል፤ ያኔ ይበዛሉ፣ ትልልቆቹም ይመጣሉ። ሲሞቅ ግን የላዩ ውሃ ቀልሎ ከታችኛው ጋር አልቀላቀል ይላል፤ ምግቡ ያልቅና ደቃቆቹ፣ ከነሱም ጋር አንዳንዴ ቀያይ ክር የሚመስሉት ይቀራሉ። ገብረ ሕይወት ምጽዋ በኖረባቸው ሦስት ዓመታት ይህን ወር በወር የቆጠረ ሰው ነበር።

ሦስተኛው መምህር በላቸው ነው። የቢቸና ተወላጅ፣ ከደብረ ማርቆስ ወዲያ አልፎ የማያውቅ፣ የሟቹን ደብተር በጥሩ ጽሑፍ የገለበጠለት። ከሁሉም ይልቅ ያዘነ የሚመስለው እሱ ነበር፤ ሳይጠየቅም ያወራል።

«ድሮም ጤና አልነበረውም፣ ሃምሳ አለቃ» አለ። «በዚያ በሐምሌ ቁር ባሕር ውስጥ እየገባ ውሃ ሲቀዳ ነው ደረቱን የታመመው።»

ከሟቹ አንገት፣ ከማተቡ ጋር ታስሮ የተገኘውን ቁልፍ ይዞ ባዘዘው የሳይንስ ክፍሉን ቁም ሣጥን ከፈተ። ጠርሙሶቹ ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ በሟቹ እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። አንድ በአንድ አነበባቸው፤ በላቸው የገለበጠውን ደብተርም ገልጦ አየ። ከዚያ ወደ ዲሬክተሩ ተመልሶ መምህራን በዚያ ዓመት ያስተየቡትን ሁሉ ጠየቀ። አቶ ኃይለ ሚካኤል ፋይሉን የሰጡት ከረባታቸውን ፈትተው ነው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ሰበሰባቸው። ቄሰ ገበዝ ገላው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ልጄ፣ ቶሎ ተናገር። ሬሳው መጥቷል» አሉት።

«አባቴ፣ ይህ ሰው ራሱን አልገደለም» አለ ባዘዘው። «አፋፉ ላይ ተረከዙ የፈተገው አፈር አለ። የኋሊት ነው የወደቀ፤ ከፊቱ ሰው ቆሞ ነበር ማለት ነው። ወረቀቱንም እሱ አልጻፈውም። ወረቀቱ የሐምሌ ብርድና ዝናብ ይላል። እኔም የጎጃም ሰው ነኝ፤ ሐምሌ ሲባል የሚታየኝ ጭቃና ጋቢ ነው። የጠርሙሶቹ ወረቀት ግን እንዲህ ይላል፦ ሐምሌ፣ ሐሩር፣ ውሃው ሠላሳ ሦስት ዲግሪ፣ ነፍሳቱ ጥቂት። ጥር፣ ዝናብ፣ ሃያ አምስት ዲግሪ፣ ነፍሳቱ እጅግ ብዙ። ምጽዋ ክረምቷ በእኛ በጋ ነው። ሦስት ዓመት እዚያ የተቃጠለ ሰው ይህን አይስትም።»

«እውነት ነው» አሉ ዲሬክተሩ ቀስ ብለው። «ምጽዋ የባሕር ኃይል ጸሐፊ ሳለሁ ሐምሌን አንሶላ በውሃ ነክሬ ነበር የምተኛው።»

«ፋንታነሽም ከአሥመራ እየወረደች ምጽዋን አይታለች። ቁልፍ ከያዙት ምጽዋን የማያውቅ አንድ ነው።» ባዘዘው ከፋይሉ ወረቀት አወጣ። «ይህ ለውጭ አገር ትምህርት ዕድል የተላከ ጥናት ቅጂ ነው። የሟቹ ደብተር የብርድ ወራት፣ የሙቅ ወራት ብቻ ይላል፤ የወሮቹ ስም ያለው ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ደግሞ ከሟቹ አንገት ወርዶ ስለማያውቅ ገልባጩ አላየውም። ስለዚህ ወሮቹን ከቢቸና ሰማይ ወሰዳቸው። እዚህም የሐምሌ ብርድ ይላል። ከላይ ያለው ስም የበላቸው ነው።»

አቶ ኃይለ ሚካኤል ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ሳላነብ ፈረምኩለት፣ አሉ፤ ገብረ ሕይወት ተሰረቅኩ ብሎ ሲመጣ ለፊርማዬ ፈርቼ አባረርኩት።

በላቸው ፊቱ አመድ መሰለ። «ስድስት ጊዜ አመለከትኩ» አለ። «ስድስት ጊዜ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ተላከ። እሱ አንዴ ወጥቶ አይቷል፤ እኔ ምን አየሁ? ዝም በልልኝ ብዬ ለመንኩት። እምቢ ሲል ደረቱን ብቻ ነው ገፋ ያደረግኩት።»

ባዘዘው ይህን ምሬት በደንብ ያውቀዋል፤ ከገዛ አፉ የወጣ መሰለው። ከዚያ ጠየቀው።

«ከወደቀስ በኋላ? ሰው ጠራህ፣ ወይስ ወደ ታይፑ ሄድክ?»

በላቸው የቢሮውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው።

ቄሰ ገበዝ ገላው ከቅጥሩ ውጭ መቃብር ወደሚቆፍሩት ሰዎች ዞሩ። አፈሩን መልሱት፣ አሏቸው፤ ከውስጥ፣ ከአባቱ ጎን ቆፍሩ። ዲያቆኑንም ለፍትሐቱ ጽና እንዲያመጣ አዘዙ። ሰዎቹ መቆፈሪያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው በበሩ ሲገቡ ወለተ ሐና ነጠላዋን አገልድማ ተነሣች። ከትናንት ጀምሮ ያፈነችው ጩኸት ያን ጊዜ ወጣ፤ የቢቸና ሴቶችም ተቀበሏት።